እንግዳ ድምፅ ስትሰማ የምትጮህን ወፍ ማለማመድ፦ ከአንድ የሐዴራ ቤት የተገኘ ትምህርት



ብዙዎቻችን በመጀመሪያው ዓመት የሥነ ልቦና መግቢያ ስንወስድ ስለ ፓቭሎቭ ውሾችና ስለ ስኪነር ርግቦች እናጠናለን፤ ፈተናው ሲያልፍ እንረሳዋለን። እኛም ረስተነው ነበር። ያስታወሰችን ሐዴራ በሚገኘው ቤታችን የምትኖር አንዲት ቢጫ ወፍ ናት። «እኛ» ስንል ሁለት ተማሪ እህትማማቾችና የአሥር ዓመት ወንድማችን ነን። እንግዳ በመጣ ቁጥር በወፋቸው ጩኸት የሚቸገሩ ቤተሰቦች ይጠቀሙበት ይሆናል ብለን የሠራነውን በቅደም ተከተል ጽፈነዋል። የተሳሳትንበትንም አልደበቅንም።

ነገሩ እንዴት ጀመረ

ወፏ ኮካቲል የምትባል የበቀቀን ዘር ናት፤ እዚህ አገር ሰው ሁሉ «ኮክቴል» ይላታል። ወንድማችን ቀለሟን አይቶ በዕብራይስጥ «ሊሞን» ብሎ ስም አወጣላት። ሁለት ዓመት ያህል ከእኛ ጋር በሰላም ኖራለች። ታፏጫለች፣ ትከሻ ላይ ትቀመጣለች፣ የቴሌቪዥን ድምፅም አያስደነግጣትም።

ካለፈው ፋሲካ በኋላ አያታችን ከሌላ ከተማ መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ጀመሩ። በመጀመሪያው ቀን ሳሎን ገብተው ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ እየጣሉ «እንዴት ዋላችሁ ልጆቼ» ሲሉ ወፏ ቁንጮዋን አቁማ፣ ክንፏን በሽቦው ላይ እየመታች ጮኸች። አያታችን «ባዳ መሆኔን ዐወቀችው» ብለው ሳቁ። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ቀን ያው ሆነ። እሳቸው አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ጩኸት ነው። የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ሁለት ጊዜ መጥቶ በር አንኳኳ።

ከሳምንት በኋላ አያታችን በሹክሹክታ መናገር ጀመሩ። ከዚያ ስልክ የሚያወሩት መኝታ ቤት ገብተው በሩን ዘግተው ሆነ። ከዚያም ሳሎን መቀመጥ ተዉ። እናታችን አንድ ማታ «ወፏ ለሰው ትሰጥ» አለች፤ ወንድማችን አለቀሰ። አያታችን ይህን ሰምተው «የልጁን ወፍ አታስወጡበት፤ እኔ ዝም እላለሁ» አሉ። እኛም ያን ማታ ደብተራችንን አወጣን።

ወፍ ለምን ትጮኻለች?

የኮካቲል አገሯ አውስትራሊያ ነው፤ በሐዴራ ረግረጉን ያደርቃሉ ተብለው እንደ ተተከሉት ባሕር ዛፎች ማለት ነው። በአገሯ በመንጋ ትኖራለች፣ እህል ከመሬት ትለቅማለች፣ ጭልፊትም ያድናታል። እንዲህ ያለ ፍጥረት በሕይወት የሚቆየው ሁለት ነገር ሲያውቅ ነው፦ የመንጋውን ድምፅና የጠላቱን ምልክት። የቤት ወፍ መንጋዋ ቤተሰቡ ነው። ስለዚህ ጩኸት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም።

አንደኛው የንጋትና የምሽት ጩኸት ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በባሕር ዛፎቹ ላይ የሚንጫጩትን አረንጓዴ ወፎች፣ በዕብራይስጥ ድራራ የሚባሉትን፣ የማያውቅ የለም። የእነሱ ዘር በኢትዮጵያም ይኖራል። ይህ ጩኸት ተፈጥሯዊ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይበርዳል። ሁለተኛው የመጠራሪያ ድምፅ ነው፦ ከክፍል ስንወጣ «የት ናችሁ?» እንደ ማለት ነው። ሦስተኛው የድንጋጤ ጩኸት ነው፤ የእኛ ችግር እሱ ነበር።

በኮካቲል ላይ ይህን ለመለየት ቁንጮዋን ማየት ይበቃል። ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ ከቆመ ተረጋግታለች። ቀጥ ብሎ ከተገተረ ነቅታለች ወይም ደንግጣለች። በራሷ ላይ ተለጥፎ እንደ እባብ እፍ ካለች «አትቅረቡኝ» ማለቷ ነው። ከጩኸቱ በፊት ቁንጮው ይቀድማል፤ ስለዚህ ቁንጮውን የሚያይ ሰው ጩኸቱ ሳይመጣ መድረስ ይችላል።

መጀመሪያ የሠራናቸው ስህተቶች

ስትጮህ ወንድማችን «ሼኬት!» እያለ ይጮህባት ነበር። ለወፍ ግን ይህ ቁጣ አይደለም፤ መንጋዋ አብሯት እየጮኸ ነው። እኛ ደግሞ ዝም እንድትል ብለን የሱፍ ፍሬ ይዘን እንሮጥ ነበር። በዚህም «ጩኺ፣ ፍሬ ታገኛለሽ» ብለን አስተማርናት። ጨርቅ ጣል አድርገንም ሸፈንናት፤ ጨለማው ፍርሃቷን አባሰው እንጂ አላስለመዳትም።

ትልቁን ስህተት ያየነው ግን ዘግይተን ነው። ስኪነር በርግቦችና በአይጦች ላይ ያሳየው ዋና ነገር፣ አንድ ድርጊት የሚበረታው በሚያስከትለው ውጤት መሆኑን ነው። ውጤቱ የግድ ምግብ መሆን የለበትም፤ የሚያስፈራ ነገር መወገዱም ዋጋ ነው። ወፏ ጮኸች፣ አያታችን ዝም አሉ። ወፏ ጮኸች፣ አያታችን ክፍሉን ለቀው ወጡ። እሳቸው ለልጁ አዝነው ዝም ባሉ ቁጥር ዝምታቸው ለጩኸቷ ደመወዝ ሆነ። ደግነታቸው ነው ችግሩን ያጸናው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ውሳኔያችን ወፏን የሚመለከት አልነበረም። አያታችን ዝም እንዳይሉ ለመንናቸው።

አንደኛ ደረጃ፦ ሐኪም፣ ቦታ፣ እንቅልፍ

ባሕርይን ከመንካት በፊት ጤናን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ወፍ የሚያድናት ስላለ ሕመሟን ትደብቃለች። ላባዋን ነፍታ ቀን የምታንቀላፋ፣ ስትተነፍስ ጅራቷ ከፍ ዝቅ የሚል፣ ኩሷ የተለወጠ ወፍ ልምምድ ሳይሆን ሐኪም ያስፈልጋታል። የእንስሳት ሐኪም ሁሉ ወፍ አያክምም፤ ወፍ የሚያክም መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። የእኛ ወፍ ጤነኛ ሆና ተገኘች።

ቀጥሎ ቦታዋን አየን። የሽቦ ቤቷ ከመግቢያው በር ፊት ለፊት፣ በክፍሉ መካከል ነበር። ማንኛውም እንግዳ ሲገባ በቀጥታ እላይዋ ላይ ይመጣል፤ ጀርባዋም ክፍት ነው። ወደ ጥግ ወስደን አንዱን ጎን ከግድግዳ ጋር አስጠጋነው፣ ከፊሉን ጎንም በጨርቅ ጋረድነው። ስትፈራ የምትገባበት ካላት መጮህ ብቸኛ ምርጫዋ አይሆንም።

ሦስተኛው እንቅልፍ ነው። ኮካቲል በቀን ከ10 እስከ 12 ሰዓት ጸጥ ያለና ጨለማ የሆነ ጊዜ ትፈልጋለች። እኛ ሳሎን እስከ እኩለ ሌሊት እናጠና ነበር። እንቅልፍ ያላገኘ ሰው በትንሹ እንደሚቆጣ ሁሉ ወፍም እንዲሁ ናት። ማታ ወደ ጓዳ መውሰድ ጀመርን።

ሁለተኛ ደረጃ፦ መዝገብ

ለአንድ ሳምንት በደብተር ላይ ሦስት ዓምድ አሰመርን፦ ከጩኸቱ በፊት ምን ሆነ? ወፏ ምን አደረገች? ከዚያ በኋላ እኛ ምን አደረግን? ይህን ወንድማችን ሳይቀር ሞላው። ሳምንቱ ሲያልቅ እንግዳ ድምፅ ሁሉ እንደማያስጮኻት አየን። ዕብራይስጥ የሚናገር የወንድማችን ጓደኛ ሲመጣ ቁንጮዋን ታነሳለች እንጂ አትጮህም። አማርኛ የሚናገሩ እንግዶች ሲመጡ ግን ትጮኻለች።

ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ አልሄድንም። እርስ በርሳችን የምንነጋገረው በዕብራይስጥ ነው። እናታችን አማርኛ የምታወራው በስልክ፣ ያውም ማታ ከሥራ ተመልሳ፣ ወፏ ከተኛች በኋላ ነው። ስለዚህ ወፏ ሁለት ዓመት ሙሉ በእኛ ቤት አማርኛ ሰምታ አታውቅም ማለት ይቻላል። ይህን ስንጽፍ ትንሽ አፈርን።

ነገር ግን ድምፅ ብቻ ይሁን ሌላ ነገር እርግጠኛ ለመሆን በኮርሱ እንደ ተማርነው ነገሮቹን አንድ በአንድ ለየናቸው። በአንድ ቀን የአያታችንን ድምፅ ከስልክ ላይ አሰማናት፤ ጮኸች። በሌላ ቀን ከእኛ አንዷ ነጠላ ለብሳ ምንም ሳትናገር በአጠገቧ አለፈች፤ ነጠላውን ትከሻዋ ላይ ስትጥል ወፏ በጣም ጮኸች። በሦስተኛው ቀን አያታችን ሹራብ ለብሰው ዝም ብለው ተቀመጡ፤ ወፏ አየቻቸው፣ ከዚያም እህሏን መልቀም ቀጠለች።

ስለዚህ ምክንያቱ ሁለት ነበር፦ ያልተለመደው ድምፅና እንደ ትልቅ ክንፍ የሚወናጨፈው ነጭ ጨርቅ። ውጤቱን ለአያታችን ስንነግራቸው «ታዲያ የጠላችው እኔን አይደለማ» አሉ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሳሎን ተቀመጡ።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ልምምዱ

የተከተልነው ዘዴ ለወፍ ብቻ የተፈጠረ አይደለም። በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች ተመራማሪ ጥንቸል የሚፈራ አንድ ትንሽ ልጅ እንዴት ፍርሃቱ እንደ ለቀቀው ጽፋለች። ልጁ የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሉን ከሩቅ ያሳዩታል፤ ከቀን ወደ ቀን ጥቂት ያቀርቡታል። በመጨረሻ ልጁ ጥንቸሉን በእጁ ዳሰሰ። ጆንስ ያየችው ሁለት ነገር አብሮ መሄድ እንዳለበት ነው፦ የሚያስፈራው ነገር በትንሽ መጠን መቅረቡና ከሚወደድ ነገር ጋር መጣመሩ።

እኛ ለወፏ የመረጥነው ምግብ በዕብራይስጥ ዶኻን የሚባለውን፣ የዳጉሳ ዘመድ የሆነውን ዘለላ እህል ነው። ከመደበኛ ምግቧ አስወጣነውና በልምምድ ጊዜ ብቻ የምታገኘው አደረግነው። ሕጎቻችን አራት ነበሩ።

አንድ፣ ድምፁ ይቀድማል፣ እህሉ ይከተላል። ፓቭሎቭ እንዳሳየው ደወሉ ከምግቡ በፊት መምጣት አለበት። እህሉ ከቀደመ ወፏ «ዶኻን ሲመጣ የሚያስፈራ ነገር ይከተላል» ብላ እህሉንም መፍራት ትጀምራለች።

ሁለት፣ ድምፁ ከጩኸቱ ወለል በታች ይሁን። ቁንጮዋ ቀጥ ካለ አብዝተናል፤ ድምፁን እንቀንሳለን።

ሦስት፣ ልምምዱ አጭር ይሁን፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ አምስት አምስት ደቂቃ።

አራት፣ ከጮኸች አንሮጥም፣ አንቆጣም፣ ክፍሉንም ለቀን አንወጣም። ሁለት ሦስት ሰከንድ ዝም እስክትል ጠብቀን ከዚያ እንንቀሳቀሳለን።

በመጀመሪያው ሳምንት የአያታችንን ድምፅ ቀዳን። ሰላምታ ብቻ ስለማይበቃ «እስቲ ስለ ልጅነትዎ ይንገሩን» አልናቸው። ጎንደር አካባቢ ስላደጉበት መንደር፣ ስለ ወንዙ፣ ሰብል ሲደርስ ወፎችን በወንጭፍ ስለ መከላከል ነገሩን። ወፍ ለማስለመድ ወፍ የማባረር ታሪክ መቅዳታችን ሁላችንንም አሳቀን። ቅጂውን ለመስማት በሚያስቸግር ዝቅተኛ ድምፅ ከፈትን፤ ድምፁ ሲጀምር ዶኻን፣ ድምፁ ሲቆም ዶኻኑም ይወሰዳል። ነጠላው ደግሞ ታጥፎ ከክፍሉ ማዶ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

በሁለተኛው ሳምንት ድምፁን በየቀኑ ጥቂት ከፍ አደረግን፣ ነጠላውንም ወንበር በወንበር አቀረብነው። በሦስተኛው ሳምንት አያታችን ራሳቸው ከመተላለፊያው ሆነው፣ ሳይታዩ ተናገሩ። በዚያው ሳምንት አንድ ዘመዳችን ሳያስታውቅ መጥቶ ከበሩ ላይ ጮክ ብሎ ሰላምታ ሲሰጥ ወፏ እንደ መጀመሪያው ሆነች። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለስን፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። በአራተኛው ሳምንት አያታችን ከሦስት ሜትር ርቀት፣ ጎናቸውን ሰጥተው፣ ትኩር ብለው ሳያዩዋት ተቀመጡ። በስድስተኛው ሳምንት ዶኻኑን በእጃቸው ሰጧት። ነጠላቸውን ለብሰው ነበር።

በዚህ መካከል ማወቅ የሚገባ አንድ ነገር አለ። ጩኸት ዋጋ ማግኘቱን ሲያቆም ወዲያው አይቀንስም፤ መጀመሪያ ይብሳል። ኩራዝ ጋዙ ሊያልቅ ሲል ቦግ እንደሚል ነው። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚያ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት አንድ ጊዜ ከተሸነፍን ወፏ «አጥብቄ ስጮህ ይሳካል» ብላ ትማራለች። ስኪነርና ፈርስተር በ1957 ባወጡት ሥራ እንዳሳዩት፣ አልፎ አልፎ ዋጋ የሚያገኝ ልማድ ሁልጊዜ ዋጋ ከሚያገኘው ይልቅ ለመጥፋት ያስቸግራል። ስለዚህ የቤቱ ሰው ሁሉ አንድ ሕግ መያዝ አለበት፤ አባትም፣ እንግዳም፣ ታናሽ ወንድምም።

ከመጮህ ይልቅ ምን ታድርግ?

«አትጩኺ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ በቦታው ሌላ ነገር መስጠት ያስፈልጋል። ወፏ በተፈጥሮዋ መጠራራት ስላለባት አንዲት አጭር ፉጨት መረጥን። ፉጨቷን ስትሰማን ወዲያው እንመልስላታለን፤ ስትጮህ አንመልስም። ከክፍል ስንወጣ እኛው ቀድመን እናፏጫለን፤ መንጋው ቅርብ መሆኑን ታውቃለች። ከዚህ በተጨማሪ እህሏን በወረቀት ጠቅልለን እየሰጠን እንድትፈልገው አደረግን። ሥራ የያዘች ወፍ ለመጮህ ጊዜዋ ያነሰ ነው።

ቡና ሲፈላ

በእኛ ቤቶች ውስጥ እንግዳ ድምፅ የሚበዛበት ሰዓት የቡና ሰዓት ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን ከጩኸት የሚብስ አደጋ አለ። የወፍ ሳንባ ከሰው ሳንባ ይለያል። አየሩ በከረጢቶች እየታገዘ በሳንባዋ ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ይፈስሳል፤ ስለዚህ ኦክስጅንን በደንብ ትወስዳለች፣ መርዝንም እንዲሁ። የብሪታንያ ማዕድን ቆፋሪዎች መርዛማ ጋዝ እንዲጠቁማቸው እስከ 1986 ድረስ ካናሪ የምትባለውን ወፍ ይዘው የሚወርዱት በዚህ ምክንያት ነበር።

ስለዚህ የሚቆላ ቡና ጭስ፣ እጣንና ከሰል ወፍ ባለችበት ክፍል ውስጥ መሆን የለባቸውም። ምግብ የማይዝ ሽፋን ያለው መጥበሻም ከልክ በላይ ሲግል የሚያወጣው ሽታ የሌለው ጋዝ በደቂቃዎች ውስጥ ወፍ ይገድላል። ቡናም፣ አቮካዶም፣ ቸኮሌትም ለወፍ መርዝ ናቸው። እኛ ምጣዱ ከመጣዱ በፊት ወፏን ወደ ጓዳ ወስደን በሩን እንዘጋለን፣ የጓዳውን መስኮት እንከፍታለን። ጭሱ ወጥቶ አየሩ ሲጠራ፣ እንግዶቹ ተቀምጠው ሁለተኛው ስኒ ሲቀዳ እንመልሳታለን። አያታችን ቡናውን አልተዉም፤ ወፏም አልተጎዳችም።

የት ደረስን?

ለስግድ ቤታችን እንግዳ እንደሚበዛ እናውቅ ነበር። በዋዜማው ዘመዶች መጡ፤ ነጠላውም፣ አማርኛውም፣ ሳቁም ቤቱን ሞላው። ወፏ ወደ ሳሎን ስትገባ ሁለት ጊዜ ጮኸች። ማንም አልተነሣም፣ ማንም ዝም አላለም። ከዚያ ቁንጮዋ ዝቅ አለና አፏጨች። ወንድማችን ከሁሉ ቀድሞ መለሰላት።

ሁሉ ነገር ተፈጸመ አንልም። የበሩ ደወል አሁንም ያስደነግጣታል። እልልታ ሲሰማም ትጮኻለች፤ በእሱ ላይ ገና እየሠራን ነው። ኮካቲል በደንብ ከተያዘች 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ስለምትኖር ጊዜ አለን።

ያላሰብነው ነገር ደግሞ አለ። ያንን ቅጂ በቀን ሁለት ጊዜ ለሳምንታት ስንከፍት እኛም አብረን ስንሰማ ነበር። ወንድማችን የወንዙን ታሪክ አሁን በአማርኛ ይናገረዋል፤ ቃል ሲጠፋበት አያታችንን ይጠይቃል። እሳቸው ወፏን «ሊሞን» አይሏትም፣ «ሎሚ» ነው የሚሏት። በሁለቱም ስም ትመልሳለች።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ ወይም በክፍላችሁ ውስጥ፣ ሰላም ለማግኘት ብላችሁ የምታደርጉት ነገር ችግሩን የሚያጸናበት ምሳሌ አለ?

2. ወፏ የፈራችው ድምፁን ይሁን ነጠላውን ለማወቅ ለየብቻ ሞከርናቸው። ሁለቱን ሳንለይ ልምምዱን ብንጀምር ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

3. በመዝገባችሁ ላይ ለአንድ ሳምንት ብቻ ይህን ጻፉ፦ በቤታችሁ አማርኛ የሚሰማው በስንት ሰዓት፣ በማን አፍ ነው?